የማይታየውን ቀዳዳ ፍለጋ፦ በአጥንት ቀዶ ሕክምና ስለሚያገለግለው ራጅ ከአምቦ አንጻር የተደረገ ምልልስ

ደጋፊው፦ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጊንጪ፣ በአምቦ፣ በጉደር፣ በጌዶና በባኮ አልፎ ወደ ነቀምቴ የሚዘልቀው መንገድ የምዕራብ ሸዋን ከተሞች እንደሚያገናኝ ሁሉ፣ በጭነት መኪና፣ በባጃጅና በሞተር ሳይክል አደጋ ጭኑ ወይም ቅልጥሙ የተሰበረ ሰውም የሚጓዝበት መንገድ ነው። በዚህ መስመር ያሉ ሆስፒታሎች፣ በተለይም የአምቦ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራል ሆስፒታል፣ የአጥንት ሕክምናን በአካባቢው በብቃት ለመስጠት ከታሰበ፣ ቀዶ ሕክምናው በመካሄድ ላይ ሳለ አጥንቱን በራጅ የሚያሳይና የመሣሪያውን ጫፍ እየተከተለ አቅጣጫ የሚጠቁም ቴክኖሎጂ በዕቅዳቸው ሊያዝ ይገባል።

ተጠራጣሪው፦ ዕቅዱ ከመያዙ በፊት «ማሳየት» እና «መከተል» የተባሉት ነገሮች ተለያይተው ቢብራሩ መልካም ነው፤ በሻጮች ካታሎግ ውስጥ አንዱ በሌላው ስም ሲቀርብ ይታያልና።

ደጋፊው፦ እርስዎ እንዳሉት ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። የሚያሳየው መሣሪያ ሲ-አርም ይባላል፤ በአንዱ ጫፍ የራጅ ጨረር የሚያመነጨውን ቱቦ፣ በሌላው ጫፍ ደግሞ ጨረሩን ተቀብሎ ወደ ምስል የሚለውጠውን ክፍል የያዘ ጎባጣ ክንድ ስላለው የላቲኑን «ሲ» ፊደል ይመስላል፤ ታካሚው በሁለቱ ጫፎች መካከል ስለሚተኛ ሐኪሙ የተሰበረው አጥንት መግጠሙንና የገባው ብረት በቦታው መሆኑን ወዲያውኑ በስክሪን ላይ ያያል። ቪልሄልም ሮንትገን እ.ኤ.አ. በ1895 ጨረሩን ካገኘ በኋላ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል በቀዶ ሕክምና መካከል ምስል የፈለገ ሐኪም ፊልም ታጥቦ እስኪመጣለት ይጠብቅ ወይም በጨለመ ክፍል ውስጥ ደብዛዛ ስክሪን ያይ ነበር፤ ተንቀሳቃሹ ሲ-አርም ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል መግባት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ነው። የሚከተለው መሣሪያ ደግሞ ናቪጌሽን የሚባለው ሥርዓት ሲሆን፣ ብርሃን የሚያንጸባርቁ ትንንሽ ኳሶች በመሰርሰሪያው ላይና በአጥንቱ በተተከለ ማጣቀሻ ላይ ይታሰራሉ፤ ጥንድ ኢንፍራሬድ ካሜራዎች የኳሶቹን ቦታ ይለካሉ፤ ኮምፒውተሩም የመሰርሰሪያው ጫፍ የት እንደ ደረሰ አስቀድሞ በተነሣው ምስል ላይ እየሳለ ያሳያል፤ ለዚህም በየጊዜው አዲስ ጨረር መልቀቅ አያስፈልገውም።

ተጠራጣሪው፦ የተሰጠው ማብራሪያ ግልጽ ነው፤ ነገር ግን ምስል ከሌለ ሕክምና የለም የሚለውን ስውር ግምት በኢትዮጵያ ውስጥ የተገኘው ልምድ ራሱ ያፈርሰዋል። ሕዝቡ «ብረት ገባለት» የሚለው ሕክምና በአብዛኛው በረጅሙ አጥንት የመቅኔ ቦይ ውስጥ የብረት ዘንግ አስገብቶ፣ አጥንቱ እንዳያጥርና በዘንጉ ዙሪያ እንዳይሽከረከር ከላይና ከታች በብሎን መቆለፍ ነው። ከዚህ ሁሉ የሚያስቸግረው የታችኛው ብሎን ነው፤ በዘንጉ ላይ ያለው ቀዳዳ በሥጋና በአጥንት ስለሚሸፈን ሐኪሙ ከውጭ ሆኖ በማያየው ቀዳዳ ላይ መሰርሰር ይኖርበታል። ሲ-አርም ያለው ሐኪም ቀዳዳው በስክሪኑ ላይ የተስተካከለ ክብ ሆኖ እስኪታይ ድረስ ክንዱን ያስዞራል፤ ክቡ ወደ እንቁላል ቅርጽ ካዘነበለ አቅጣጫው ተስቷል ማለት ነው፤ ለእያንዳንዱ ማስተካከያም ጨረር ይለቀቃል። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ሪችላንድ ከተማ ሉዊስ ዘርክል የተባሉት የአጥንት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1999 ያቋቋሙት ሳይን የተሰኘ ድርጅት ግን ይህን ችግር ያለ ሲ-አርም የሚፈታ ዘንግ ሠርቶ ለታዳጊ አገሮች ሆስፒታሎች ሲያቀርብ ቆይቷል፤ በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልም ሆነ በወላይታው ሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታል ተሠርቶበታል። ከዘንጉ ጋር ከአካል ውጭ የሚገጠም የብረት ክንድ የቀዳዳውን ቦታ ያመለክታል፤ ሐኪሙ አጥንቱን ከሰረሰረ በኋላ በቀጭን መፈለጊያ ቀዳዳውን በእጁ ስሜት ያገኘዋል። በዓለም ዙሪያ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በዚህ ዘዴ ታክመዋል። ታዲያ ለአምቦ የሚቀርበው የዘንግ ስብስብ ነው ወይስ ካሜራ?

ደጋፊው፦ በዚህ ምሳሌ ውስጥ የተዘነጋ ነገር አለ፤ ይኸውም ያ የብረት ክንድ ራሱ የመከታተያ መሣሪያ መሆኑ ነው። ክንዱ ከዘንጉ ጋር በጥብቅ ስለሚታሰር የማይታየውን ቀዳዳ ከሚታየው ነጥብ ጋር ያያይዘዋል፤ ኢንፍራሬድ ካሜራው የሚሠራውም ይህንኑ ሥራ ነው፤ ልዩነቱ አንዱ በብረት፣ ሌላው በብርሃን ማሰሩ ብቻ ነው። ስለዚህ ክርክሩ መከታተል ይሻላል ወይስ አለመከታተል የሚል ሳይሆን የትኛው የመከታተያ ዓይነት ለየትኛው ስብራት ይስማማል የሚል መሆን አለበት። የብረት ክንድ የሚያስተማምነው ዘንጉ ጠንካራና በቦዩ ውስጥ ሲገባ የማይጎብጥ እስከ ሆነ ድረስ ነው፤ ውስጡ ባዶ የሆነ ረጅም ዘንግ ግን የጭን አጥንትን ጉብጠት ተከትሎ ስለሚታጠፍ ከውጭ ያለው ክንድ ቀዳዳውን ይስታል።

ተጠራጣሪው፦ እንግዲያው ጠንካራውን መምረጥ ነው።

ደጋፊው፦ ለቅልጥምና ለጭን መካከለኛ ክፍል ይህ በቂ መልስ ነው፤ ለዳሌ ግን አይሆንም። በጄልዱ ወይም በግንደበረት ደጋ ላይ አዳልጧቸው የወደቁ አዛውንት የጭናቸው አጥንት አንገት ወይም ከአንገቱ በታች ያለው ክፍል ቢሰበር፣ ብዙውን ጊዜ የሚያስፈልገው በቀጭን መሪ ሽቦ አቅጣጫ ተይዞ ወደ አጥንቱ ራስ የሚገባ ትልቅ ብሎን ነው። በዚህ ሕክምና ላይ እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመ የታወቀ ጥናት እንዳመለከተው፣ ከፊትና ከጎን በተነሡት ሁለት ምስሎች ላይ ከብሎኑ ጫፍ እስከ አጥንቱ ራስ ጫፍ ያለው ርቀት ሲደመር ከ25 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ብሎኑ አጥንቱን ቀዶ የመውጣት ዕድሉ እጅግ ዝቅተኛ ነው። ይህን ልኬት በእጅ ስሜት ማግኘት ያዳግታል። አንድ ምስልም ብቻውን አያስተማምንም፤ ራጅ ጥላ ነውና፣ ወደ ተመልካቹ ያዘነበለ ዱላ በግድግዳ ላይ ቀጥ ያለ ጥላ እንደሚጥል ሁሉ፣ ከፊት ሲታይ በአጥንቱ መካከል ያለ የሚመስለው ሽቦ ከጎን ሲታይ ከአጥንቱ ወጥቶ ሊገኝ ይችላል። ቀዶ ሕክምናው ካልተደረገ ደግሞ አዛውንቱ ለሳምንታት በትራክሽን፣ ማለትም እግራቸው በክብደት ተስቦ፣ በአልጋ ላይ ይቆያሉ፤ የአልጋ ቁስል፣ የሳንባ ምችና በደም ሥር ውስጥ የሚረጋ ደም የሚመጡት በዚህ ጊዜ ነው።

ተጠራጣሪው፦ ለዳሌ ሲ-አርም እንደሚያስፈልግ ይህ መልስ ያስረዳል፤ ስለ ካሜራውና ስለ ኮምፒውተሩ ግን ገና ምንም አላስረዳም። ስለ ሲ-አርሙም ቢሆን ከጥቅሙ ጋር አብሮ የሚመጣው ጨረር ሊነሣ ይገባል። የጨረሩ አብዛኛው ወደ ታካሚው ይገባል፤ ከታካሚው አካል ተበትኖ የሚመለሰው ክፍል ግን በክፍሉ ውስጥ የቆመውን ሁሉ ያገኛል። ዓለም አቀፉ የጨረር መከላከያ ኮሚሽን ለሠራተኛ ያስቀመጠው ወሰን በአምስት ዓመት አማካይ በዓመት 20 ሚሊሲቨርት ሲሆን፣ ለዓይን ሌንስ የነበረውን የ150 ሚሊሲቨርት ወሰንም እ.ኤ.አ. በ2011 ወደዚያው ወደ 20 ዝቅ አድርጎታል፤ ምክንያቱም የዓይን ሞራ ቀድሞ ከታሰበው ባነሰ መጠን ሊፈጠር እንደሚችል ታውቋል። በጥቂት ሐኪሞች ትከሻ ላይ ያረፈ ሆስፒታል ውስጥ ያ መጠን ለብዙዎች አይከፋፈልም፤ በየቀኑ የሚቆሙት እነዚያው ጥቂቶች ናቸው።

ደጋፊው፦ መከላከያው የታወቀና አብዛኛውም ርካሽ ነው። ግማሽ ሚሊ ሜትር የእርሳስ ውፍረት ያለው ሽርጥ ከተበተነው ጨረር ከ90 በመቶ በላይ ያስቀራል፤ ከጨረሩ ምንጭ የሚኖረው ርቀት በእጥፍ ሲጨምር የሚደርሰው መጠን ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ስለዚህ አንዲት እርምጃ ወደ ኋላ መራቅ ከብዙ ምክር ትበልጣለች። ጨረር አመንጪው ቱቦ ከአልጋው በታች ሆኖ ምስል ተቀባዩ ከላይ ሲሆን፣ የሚበተነው ጨረር ይበልጥ ወደ ወለሉ ስለሚሄድ የሐኪሙ ፊትና ዓይን ይተርፋሉ። ጨረሩን ባለማቋረጥ ከመልቀቅ ይልቅ በምት በምት መልቀቅ፣ የጨረሩን መስኮት የሚፈለገውን ቦታ ብቻ እስኪያሳይ ማጥበብና የመጨረሻውን ምስል በስክሪኑ ላይ አቁሞ መመልከት በአብዛኞቹ መሣሪያዎች ላይ አስቀድመው የተሠሩ አማራጮች ናቸው።

ተጠራጣሪው፦ ሽርጡ ግን መንጠቆ ላይ በአግባቡ ካልተሰቀለና ታጥፎ ከተቀመጠ በውስጡ ያለው እርሳስ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም የሚታየው ሽርጡ ራሱ በራጅ ሲታይ ብቻ ነው። ይህን በየዓመቱ የሚያደርግ ሰው ካልተመደበ ሽርጡ ለባሹን የሚያዘናጋ ልብስ ሆኖ ይቀራል።

ደጋፊው፦ ናቪጌሽኑ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ምስሉ በሚነሣበት ጊዜ ሠራተኛው ከክፍሉ ራቅ ሊል ይችላል፤ ከዚያ በኋላ የሚሠራው ካሜራው እንጂ ጨረሩ አይደለም። በተጨማሪም በዓመት ጥቂት የዳሌ ስብራቶችን ብቻ የሚያክም ሐኪም በአዲስ አበባ በየሳምንቱ ከሚሠራው ባልደረባው ይበልጥ ምስል መፈለጉ የማይቀር ነው፤ ልምድ የሚያስገኘውን የእጅ እርግጠኝነት መሣሪያው በከፊል ሊተካለት ይችላል። ይህ ሥርዓት ከአዲስ አበባ ይልቅ ለአምቦ ያስፈልጋል የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

ተጠራጣሪው፦ ይህ የክርክሩ ብርቱ ነጥብ ነው፤ ሊፈተሽ የሚገባውም ስለዚህ ነው። ልምድ ያለው ሐኪም መሣሪያው የሚያሳየው ምስል ከእጁ ስሜት ጋር ሲጋጭ ይጠራጠራል፤ ልምድ የሌለው ግን ስክሪኑን ያምናል። በአጥንቱ ላይ የተተከለው ማጣቀሻ በክርን ተነክቶ በጥቂት ሚሊ ሜትር ቢንቀሳቀስ ኮምፒውተሩ ይህን አያውቅም፤ የተሳሳተውን ቦታ በዚያው ንጹሕ መስመርና በዚያው በራስ መተማመን መሳሉን ይቀጥላል። በካሜራውና በኳሶቹ መካከል የነርስ ትከሻ ቢገባ ክትትሉ ይቋረጣል፤ በኢንፍራሬድ ፋንታ በመግነጢሳዊ መስክ የሚሠራውም ዓይነት ቢሆን በአካባቢው ባለ ብረት ይዛባል፤ የአጥንት ሕክምና ክፍል ደግሞ በብረት የተሞላ ነው። ሌላም አለ፤ በልገሳ የሚመጡት አሮጌዎቹ ሲ-አርሞች ጠፍጣፋ ዲጂታል ተቀባይ ሳይሆን ብርሃን የሚያጎላ የመስታወት ቱቦ ያላቸው ሲሆኑ፣ የእነዚህ ምስል በጠርዙ አካባቢ ይለጠጣል፤ የምድር መግነጢስም ያጣምመዋል። ለዓይን ይህ ብዙ አይጎዳም፤ ከምስሉ ላይ ርቀት ለሚለካ ኮምፒውተር ግን በየጊዜው የሚደረግ የልኬት ማስተካከያ ያስፈልጋል። አስተካካዩ ማን ነው? እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የ16 አገሮች የመሣሪያ ቆጠራ ዝቅተኛ ገቢ ባለባቸው አገሮች ካሉት የሕክምና መሣሪያዎች 38.3 በመቶው ከአገልግሎት ውጭ ሆነው መገኘታቸውን አሳይቷል፤ ያ ቁጥር የሚያካትተው ከኮምፒውተር ናቪጌሽን እጅግ የሚቀሉትን ዕቃዎች ጭምር ነው። መብራት በሚጠፋበት፣ ጄኔሬተር እስኪነሣም ክፍሉ በሚጨልምበት ጊዜ ኮምፒውተሩ ማጣቀሻው ጠፍቶበት እንደ አዲስ ይጀምራል።

ደጋፊው፦ ሁሉም እውነት ነው፤ ነገር ግን መከታተልን ከውድ ዕቃ ጋር ብቻ ማያያዝ ክርክሩን ያጠበዋል። ሲ-አርሙ ከፊት ወደ ጎን ዞሮ ተመልሶ ሲመጣ በቀድሞው ቦታ ላይ በትክክል ባለማረፉ የሚባክነው ምስል ብዙ ነው፤ የመንኮራኩሮቹን ቦታ በወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት ማድረግ፣ በክንዱ ላይ ያለውን የዲግሪ ልክ ጮክ ብሎ ማንበብና መመዝገብ፣ በሐኪሙና በራጅ ባለሙያው መካከል አስቀድሞ የተስማሙባቸውን ጥቂት የትእዛዝ ቃላት ብቻ መጠቀም እነዚህ ሁሉ የክትትል ዓይነቶች ናቸው። «ትንሽ ወዲህ፣ ትንሽ ወዲያ» የሚለው ንግግር በማን በኩል እንደ ሆነ ሳይታወቅ ሲቀር አንድ ተጨማሪ ምስል ይነሣል፤ «ወደ ራስ»፣ «ወደ እግር»፣ «ወደ ሐኪሙ» የሚል ስምምነት ካለ ግን አይነሣም። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ደረጃ በስልክ ውስጥ የሚገኘው የዝንባሌ መለኪያ፣ በወረቀት የታተመ ጥቁርና ነጭ ምልክት የሚያነብ ተራ ካሜራና ሶፍትዌር ነው። አምቦ ዩኒቨርሲቲ በአንድ በኩል የምሕንድስና ትምህርት የሚሰጥበት የሀጫሉ ሁንዴሳ ካምፓስ፣ በሌላ በኩል ሪፈራል ሆስፒታል አለው፤ መሐንዲሱና የአጥንት ሐኪሙ በአንድ ከተማ፣ በአንድ ተቋም ሥር ይኖራሉ። በብዙ አገሮች ለዚህ ጉዳይ ተመራማሪዎች የሚመኙት ይህን ቅርበት ነው።

ተጠራጣሪው፦ የወለል ምልክቱና የትእዛዝ ቃላቱ ነገ ሊጀመሩ ይችላሉ፤ በእነዚህ ላይ ተቃውሞ የለም። በስልክ የሚሠራው መከታተያ ግን የተማሪ የመመረቂያ ሥራ ሆኖ ከተጠናቀቀ በኋላ በቀጥታ ወደ ታካሚ አጥንት እንዳይዘል ያሠጋል። በሥጋ ቤት በሚገኝ የበሬ አጥንት ላይ ተሰርስሮ፣ ስሕተቱ በሚሊ ሜትር ተለክቶ፣ በሥነ ምግባር ኮሚቴ ታይቶ፣ የመሣሪያው ሽፋን ከጀርም መጽዳቱ ተረጋግጦ ካልሆነ በስተቀር በድሃ አገር የተሠራ መሆኑ ብቻ ለድሃ ታካሚ ተገቢ አያደርገውም።

ደጋፊው፦ ቅድመ ሁኔታው ተገቢ ነው፤ ተቃውሞም ሊባል አይችልም።

ተጠራጣሪው፦ እንግዲያው ዋናው ተቃውሞ ይቅረብ። ራጅ በቀዶ ሕክምና መካከል ትልቁን ጥቅም የሚሰጠው ስብራቱ ሳይከፈት፣ በትንሽ ቀዳዳ ብቻ ሲታከም ነው፤ ቁስሉ ትንሽ ስለሚሆን የኢንፌክሽን አደጋው ይቀንሳል፣ ለአጥንቱ ደም የሚያደርሰው ሥጋም አይነካም። ነገር ግን ወደ ሆስፒታል የሚመጣው ሰው ሁሉ በተሰበረበት ቀን አይመጣም። ብዙው ገበሬ በቅድሚያ የሚሄደው ወደ ወጌሻ ነው፤ አጥንቱ በቀርከሃ ይታሰራል፣ ይታሻል፣ ሳምንታት ያልፋሉ፤ ማሰሪያው ከልክ በላይ ሲጠብቅ ደም መዘዋወር አቁሞ እግር እስከ መቆረጥ የደረሰበት ሁኔታ በኢትዮጵያ የሕክምና ጽሑፎች ውስጥ ተደጋግሞ ተመዝግቧል። እግሩ ቢተርፍ እንኳ ሳምንታት ባለፉት ስብራት መካከል ጠባሳና አዲስ አጥንት ስለሚሞላ ሳይከፈት ማቃናት እጅግ ይከብዳል። ስብራቱ ከተከፈተ ደግሞ ሐኪሙ አጥንቱን በዓይኑ ያየዋል፤ የሲ-አርሙም የናቪጌሽኑም ጥቅም በእጅጉ ያንሳል። ለምዕራብ ሸዋ ከማንኛውም ስክሪን በፊት የሚቀድመው ታካሚው በመጀመሪያው ሳምንት እንዲደርስ ማድረግ ነው፤ ይህም ከወጌሻዎች ጋር መነጋገርን፣ ጣቶች ሲያብጡና ሲደነዝዙ ማሰሪያውን ፈትቶ ወደ ጤና ጣቢያ መላክን ማስተማርን ይጠይቃል።

ደጋፊው፦ ይህ ከሁሉም ተቃውሞ የከበደ ነው፤ ቢሆንም መንሥኤውና ውጤቱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ አይሄዱም። ከባኮ የመጣ ታካሚ አምቦ ደርሶ «ይህ እዚህ አይሠራም» ተብሎ ለአዲስ አበባ ሪፈር ቢጻፍለት፣ ከአምቦ በኋላ ከ110 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ፣ ከዚያም የመኝታ ወረፋ፣ የአስታማሚ ምግብና ማደሪያ ይጠብቀዋል። ይህን የሰማ ጎረቤቱ በሚቀጥለው ጊዜ ወደ ወጌሻ ቢሄድ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ወጌሻው ቅርብ ነው፣ ዋጋው ይታወቃል፣ ነገ ተመለስ አይልም። በአቅራቢያው ባለ ሆስፒታል በመጀመሪያው ሳምንት ታክሞ በሁለተኛው ወር በእግሩ ገበያ የወጣ አንድ ሰው ግን ከብዙ ስብከት ይልቅ ሌሎችን ቀድመው እንዲመጡ ያደርጋል። ስለዚህ ታካሚው ቶሎ እስኪመጣ መሣሪያውን ማዘግየት፣ ታካሚውን የሚያዘገየውን ምክንያት ማቆየት ይሆናል።

ተጠራጣሪው፦ ያ የሚሆነው የመጀመሪያዎቹ ታካሚዎች በደኅና ከዳኑ ነው፤ ብረቱ ያመረቀዘበት ሰውም እንዲሁ ይታያል፣ ወሬውም ይበልጥ ይፈጥናል። ከዚህም ሌላ ሲ-አርሙን የሚያንቀሳቅሰው የራጅ ባለሙያ በተለመደው የራጅ ክፍል ሥራ ተይዞ ለቀዶ ሕክምናው ሲጠራ ብቻ የሚመጣ ከሆነ መሣሪያው ከእጁ ጋር አይላመድም። ከግዢው ገንዘብ በፊት ሊወሰን የሚገባው የአንድ ሰው ምደባ ነው።

ደጋፊው፦ ምደባውም፣ የጥገና ውሉም፣ መለዋወጫውም በግዢው ሰነድ ውስጥ ይግቡ፤ ይህን የሚከለክል ሕግ የለም። ነገር ግን ክትትል ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም የሚለውን ለማወቅ በመጨረሻ መሞከር ያስፈልጋል፤ ሳይሞከር ማስረጃ አይገኝም።

ተጠራጣሪው፦ ከሙከራው በፊት ያለው ሁኔታ ካልተመዘገበ ከሙከራው በኋላ የሚገኘው ቁጥር ከምን ጋር ይነጻጸራል? መረጃው ደግሞ አዲስ ዕቃ አይጠይቅም። ሲ-አርም በተለምዶ በእያንዳንዱ ቀዶ ሕክምና ጨረር የተለቀቀበትን ጠቅላላ ጊዜ በደቂቃና በሰከንድ ቆጥሮ ያሳያል፤ አምስት ደቂቃ ሲሞላም ሠራተኛው በእጁ እስኪያጠፋው ድረስ የማስጠንቀቂያ ድምፅ ያሰማል። በቀዶ ሕክምና መዝገቡ ላይ ሁለት ዓምዶች፣ አንዱ ለዚያ ቁጥር፣ ሌላው ደግሞ ታካሚው ከተሰበረ በስንተኛው ቀን እንደ መጣ የሚጻፍበት ቢጨመሩና በአምቦም፣ በጌዶም፣ በግንደበረትም ለአንድ ዓመት ቢሞሉ፣ የዘንግ ስብስብ ይቅደም ወይስ ካሜራ የሚለውን የሚወስን ኮሚቴ በእጁ የሚይዘው ነገር ይኖረዋል። የእነዚህ ቦታዎች የአጥንት ሐኪሞችና የራጅ ባለሙያዎች ዓምዶቹን ከፊታችን በጀት ዓመት መጀመሪያ አንሥቶ መሙላት ይችላሉ።